ያልተሰፋ ቅጠል

የኔታ እጃቸው መንቀጥቀጥ ከመጀመሩ በፊት ፊደላቸው ማነስ ጀምሮ ነበር፤ እኛ ግን አላየንም። የእናቴ ወንድም ናቸው። ዘጌ ተወልደው፣ ዜማና ቁም ጽሕፈት ተምረው፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ብራና ላይ ሲጽፉ ኖረው፣ አሁን ባሕር ዳር ሽምብጥ አካባቢ ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ፊደል ያስቆጠሩኝ እርሳቸው ስለሆኑ አጎቴ ብዬ ጠርቻቸው አላውቅም። ሕመማቸውን ዘግይተን ያወቅነው ባለማስተዋላችን ብቻ ሳይሆን ሥራቸው ራሱ ስለ ደበቀብን ነው። ብራና ከመጻፉ በፊት በወስፌ ይሰመራል፤ የመስመሩ ርቀት የፊደሉን ቁመት ይወስነዋል፤ ጸሐፊውም ዓይኑን ከመስመሩ ሳይነቅል ይጽፋል። የኔታ በዚያ መስመር ላይ ሲጽፉ ፊደላቸው እንደ ድሮው ሙሉ ነበር። ለዕድር ወይም ለገበያ ብለው መስመር በሌለው ወረቀት ላይ የሚጭሩት ግን ሲጀምር ባቄላ፣ ሲጨርስ ጤፍ ያህል እየሆነ መጣ። እኛም ዓይናቸው ደክሟል ብለን መነጽር አስለወጥናቸው።

ያየቻቸው ሐኪም ወጣት ነበረች። ጣቶቻቸውን በፍጥነት እንዲያገናኙና እንዲያላቅቁ አደረገች፣ ክንዳቸውን ይዛ አጠፈች፣ ዘረጋች፣ ከዚያ ነጭ ወረቀት ሰጥታ የፈለጉትን እንዲጽፉ ጠየቀቻቸው። «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ» ብለው ጻፉ። «በስመ» የሚለው እንደ ርእስ ጎልቶ የቆመ ሲሆን «አምላክ» የሚለውን ለማንበብ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ማስጠጋት ነበረብኝ። ሐኪሟ በወረቀቱ ላይ መስመር አሰመረችና ደግመው እንዲጽፉ አደረገች፤ ፊደሉ ተመልሶ ቁመቱን አገኘ። ፓርኪንሰን የሚባለው ሕመም እንቅስቃሴን ከውስጥ የሚያዘውን ክፍል እንጂ ከውጭ በሚታይ ምልክት የሚመራውን እኩል እንደማይጎዳ ያስረዳችን በዚህ ነው። በኋላም የኔታ ደፍ ላይ ሲደርሱ እግራቸው ከመሬት የተሰፋ ያህል ይያዝ ጀመር፤ መቋሚያቸውን ጣል፣ አንሣ እያደረጉ ዜማ ሲያንጎራጉሩ ግን ያልፋሉ። አቋቋም መማራቸው ለእርጅና ይጠቅመኛል ብለው አስበው አያውቁም ነበር።

ከዚህ በታች የውጭ አገር ሥራዎችን ስጠቅስ ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ሕመሙን በ1817 የገለጸው የለንደኑ ሐኪም ጄምስ ፓርኪንሰን ሲሆን፣ ምክንያቱ የት እንደሚገኝ ለማወቅ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቷል። በአንጎል ግርጌ በኩል ጥቁር ቀለም ያላቸው ሕዋሳት የሚገኙበት ትንሽ ክፍል አለ። እነዚህ ሕዋሳት ዶፓሚን የሚባለውን ንጥረ ነገር ያመርቱና ረጃጅም ጭራዎቻቸውን ዘርግተው ፑታሜን ወደሚባለው እንቅስቃሴን ወደሚያስተባብር ክፍል ያደርሱታል። በ1960 በቪየና ኦሌህ ሆርኒኬቪች የሞቱ ሕሙማንን አንጎል መርምሮ በዚያ ክፍል ዶፓሚን እጅግ መጉደሉን አሳየ። ዶፓሚን ራሱ በአፍ ቢሰጥ ከደም ወደ አንጎል ስለማያልፍ፣ ማለፍ የሚችለውን ሊቮዶፓን መስጠትና አንጎል ራሱ ወደ ዶፓሚን እንዲቀይረው መተው ግድ ሆነ። በ1967 ጆርጅ ኮትዚያስ ሊቮዶፓን በትንሹ ጀምሮ ቀስ በቀስ በብዛት በመስጠት ተይዘው የነበሩ ሰዎችን አስነሣ። እስከ ዛሬ ድረስ ዋናው መድኃኒት እርሱ ነው። የኔታም፣ ሊቮዶፓው አንጎል ሳይደርስ በመንገድ እንዳይቀየር ከሚጠብቀው ከካርቢዶፓ ጋር የተቀላቀለውን ኪኒን ይወስዳሉ።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ደኅና ነበሩ። ችግሩ ምግብ ብቻ ነበር፤ ፕሮቲን የበዛበት ምሳ ከኪኒኑ ጋር በአንጀትም በአንጎል በርም ላይ ይሻማል። ጾም ነውና ከሥጋ ርቀናል ብለን ስንዝናና ለካ ሽሮውም ፕሮቲን ነው። ኪኒኑን ከምግብ አርቀው በባዶ ሆድ መውሰድ ሲኖርባቸው ደግሞ ከቅዳሴ በፊት አልቀምስም አሉ፤ የንስሐ አባታቸው መድኃኒት ምግብ አይደለም ብለው እስኪፈቅዱላቸው ድረስ በየእሑዱ ደርቀው ይውሉ ነበር። አንዲት ዘመዳችን በባቄላ ውስጥ ሊቮዶፓ እንዳለ ከየት እንደሰማች እንጃ፣ በእሸት ወራት በኩንታል ልታመጣ ተነሣች። የሰማችው እውነት ነው፤ ባቄላ ሊቮዶፓ አለው። መጠኑ ግን ከእሸቱ እሸት ስለሚለያይ ኪኒኑን ትቶ በባቄላ ልኑር የሚል ሰው ዛሬ አነሰኝ፣ ነገ በዛብኝ ሲል ይከርማል።

በአራተኛው ዓመት የኪኒኑ ጉልበት ያጥር ጀመር። ጠዋት የዋጡት ለአምስት ሰዓት ይበቃ የነበረው ሦስት ሰዓት፣ ከዚያም ሁለት ሰዓት ተኩል ሆነ። የኔታ ሁኔታውን «ሠራ» እና «ቆመ» በሚሉ ሁለት ቃላት ይገልጹታል። ምክንያቱን ሳነብ ያገኘሁት ነገር ነው ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ። ሊቮዶፓን ወደ ዶፓሚን የሚቀይር ኢንዛይም አለ፤ በእንግሊዝኛው ምሕጻር ኤኤዲሲ ይባላል። ይህ ኢንዛይም በብዛት የሚገኘው በእነዚያ ጥቁር ሕዋሳት ጭራዎች ውስጥ ሲሆን ሕመሙ የሚገድለውም እነርሱኑ ነው። እህሉ ይመጣል፤ ወፍጮው ግን እያነሰ ይሄዳል። እንግዲህ ወፍጮውን ራሱን እዚያው ፑታሜን ውስጥ መትከል ቢቻልስ? የዘረመል ሕክምና ተመራማሪዎች የጠየቁት ይህንን ነው።

እኔ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ስለ ዘረመል ለተማሪዎቼ ስናገር ሁልጊዜ የመጽሐፍ ምሳሌ እጠቀማለሁ፤ አራት ፊደላት ያሉት መጽሐፍ ነው እላለሁ። ምሳሌው ደካማ እንደሆነ ያወቅሁት እውነተኛ መጽሐፍ ሠሪ ሲሰማው ነው። በ2019 የአንድ ጥናት ውጤት ታትሞ አየሁና በደስታ እየበረርሁ የኔታ ዘንድ ሄድሁ። «ታዲያ ስሕተቱን ይፍቁታል?» ሲሉ ጠየቁኝ። በብራና ላይ የተሳሳተ ፊደል በስለት ተፍቆ ይታረማል፤ የተፋቀበት ቦታ ሸካራ ሆኖ ስለሚቀር ቀለሙ ይፈስበታል፣ ጥሩ ጸሐፊም ያፍርበታል። አይፍቁትም አልሁ። በአብዛኛው የፓርኪንሰን ሕመምተኛ ዘንድ የሚፋቅ አንድ ስሕተት የለም። የሚደረገው ነገር፣ ኢንዛይሙ እንዴት እንደሚሠራ የተጻፈበትን አንድ ቅጠል ለብቻው ጽፎ በተጠረዘው መጽሐፍ መካከል ማስገባት ነው።

«ይሰፉታል?»

አይሰፉትም። ቅጠሉን የሚያደርሰው ኤኤቪ የተባለ ቫይረስ ነው፤ ብዙዎቻችን ሳናውቀው የምንያዘው፣ በራሱ በሽታ የማያስከትል፣ እጅግ ትንሽ ቫይረስ። ተመራማሪዎች የራሱን ጽሑፍ አውጥተው የሚፈልጉትን ይጭኑበታል። ጣና ላይ የደንገል ታንኳ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ ቀላል ናት፣ በየጠባቡ ትገባለች፣ ጭነቷ ግን የተወሰነ ነው። ኤኤቪም የሚችለው ወደ 4,700 ፊደል ብቻ ነው። ሕዋሱ ውስጥ ከደረሰ በኋላ የጫነው ቅጠል በአብዛኛው ከሰውየው ዘረመል ጋር አይሰፋም፤ ጎኑ ተቀምጦ ይነበባል። የሚባዛ ሕዋስ ቢሆን ኖሮ ቅጠሉ በየክፍፍሉ እየጠፋ ይሄድ ነበር፤ የአንጎል የነርቭ ሕዋስ ግን ስለማይከፋፈል ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። የኔታ ይህን ሰምተው ጥቂት ዝም አሉና፣ ያልተሰፋ ቅጠል መጽሐፉን የሚያከብር እጅ ካልያዘው ይወድቃል አሉኝ። ከዚያ ደግሞ፣ ለምን ይዋሻል፣ ፊታቸው በራ።

ያነበብሁት ጥናት 15 ሰዎች የተሳተፉበት ነበር። ራስ ቅላቸው ተቀድዶ፣ ቀጭን ቱቦ በማግኔት ምስል እየተመራ እስከ ፑታሜን ገብቶ፣ ቫይረሱን የያዘው ፈሳሽ በዝግታ ተንቆረቆረላቸው። በዝቅተኛው መጠን ፈሳሹ የደረሰው 21 በመቶ ያህሉን የፑታሜን ክፍል ሲሆን በከፍተኛው መጠን 42 በመቶ ያህሉን ደረሰ። መጠኑ በጨመረ ቁጥር ኢንዛይሙ ይበልጥ ሲሠራ፣ ሰዎቹም የሚወስዱትን ኪኒን ሲቀንሱ ታየ። ለእኔ የሚያስገርመኝ አስተሳሰቡ ነው፦ ሕመሙን እናቆማለን አይልም፤ የሞቱትንም ሕዋሳት አያስነሣም፤ ኪኒኑም አይቀርም። ኪኒኑ እንደ መጀመሪያዎቹ ዓመታት እንዲሠራ ብቻ ነው የሚፈልገው። ይህን ልኩን ያወቀ ምኞት ወድጄዋለሁ። ለየኔታ ስነግራቸው ግን ልኩን አልነገርኋቸውም።

በተለይ ያልነገርኋቸው አንድ ነገር ነበር። በዚያ ጥናት ሁሉም ሕክምናውን አግኝተዋል፤ ሁሉም ማግኘታቸውንም ያውቁ ነበር። ይህ በማንኛውም ሕመም ላይ ጉድለት ነው፤ በፓርኪንሰን ላይ ግን ከጉድለት ያልፋል። በ2001 የካናዳ ተመራማሪዎች ለሕሙማን መድኃኒት የሌለበትን ነገር መድኃኒት ሊሆን ይችላል ብለው ሰጥተው አንጎላቸውን በምስል ሲመለከቱ፣ አንጎሉ የራሱን ዶፓሚን ሲለቅ አዩ። ተስፋ የሚያንቀሳቅሰው ንጥረ ነገርና ሕመሙ ያጎደለው ንጥረ ነገር አንድ ሆነው ተገኙ ማለት ነው። ሰውየው ሲሻለው አልዋሸም፤ አልተታለለምም፤ በእርግጥ ለጊዜው ተሽሎታል።

ተመራማሪዎች ይህን ስለሚያውቁ ከባድ ነገር ያደርጋሉ። ግማሾቹን በዕጣ ለይተው የማስመሰያ ቀዶ ሕክምና ያደርጉላቸዋል፤ ራስ ቅሉ ላይ አጥንቱን ሙሉ በሙሉ ያላለፈ ቀዳዳ ይሠራል፣ ወደ አንጎል ግን ምንም አይገባም። በ2011 የታተመ አንድ ጥናት 45 ሰዎችን በዚህ መንገድ ከፍሎ ነበር። የሚሰጠው ዘረመል ሌላ ነው፤ ከመጠን በላይ የሚጮኸውን የአንጎል ክፍል የሚያበርድ ንጥረ ነገር የሚያሠራ ነው። ከስድስት ወር በኋላ እውነተኛውን ያገኙት በእንቅስቃሴ መለኪያው 23.1 በመቶ ተሻላቸው፤ የማስመሰያውን ያገኙት ደግሞ 12.7 በመቶ። ልዩነት አለ፤ ጥናቱም ግቡን መታ። እኔ ግን ሁለተኛውን ቁጥር ደጋግሜ አነበብሁት። ቀዳዳ እንጂ ሌላ ያልተሰጣቸው ሰዎች ተራምደዋል፣ ቁልፋቸውን ቆልፈዋል። የሚያጠናው ኩባንያ በዓመቱ ከስሮ ሥራው ለብዙ ጊዜ ተቋረጠ።

ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ደግሞ የሚሞቱትን ሕዋሳት ይመግባል የተባለ ዘረመል በ58 ሰዎች ላይ ተሞክሮ፣ በአሥራ ሁለተኛው ወር በሁለቱ ቡድኖች መካከል ልዩነት ጠፋ። ቀደም ሲል ያለ ማስመሰያ ቡድን ሲሞከር ተስፋ ሰጥቶ የነበረው ያው ሕክምና ነበር። በኋላ በሌላ ምክንያት የሞቱ ተሳታፊዎች አንጎል ሲመረመር፣ ጭነቱ ፑታሜን ላይ ቢራገፍም በጭራቸው በኩል ተመልሶ ወደ ጥቁሮቹ ሕዋሳት እምብዛም ያልደረሰ ሆኖ ተገኘ። በጤነኛ እንስሳ አንጎል ያለው መንገድ በታመመ ሰው አንጎል ፈርሶ ነበር።

ስለ ጠበል የሚያነሣ አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ፤ የኔታ ራሳቸው አንሥተውታልና። የ2001ዱን ጥናት ስነግራቸው፣ «እንግዲያው ጠበሉም ዶፓሚን ነው ልትለኝ ነው?» አሉ፤ እንደ ተማሪያቸው ጆሮዬን የሚቆነጥጡኝ መሰለኝ። አላልሁም። እምነት የሚሠራውን ሥራ በምስል መሣሪያ መዝኖ የሚጨርስ ሰው አይደለሁም። ጠበል ለመጠመቅ ሄደው ሲመለሱ እርምጃቸው ሲፈታ ግን በዓይኔ አይቻለሁ፤ በማግሥቱ ሲያዝም አይቻለሁ። የንስሐ አባታቸው ኪኒኑን እየዋጣችሁ ተጠመቁ የሚሉ ሰው በመሆናቸው ዕድለኞች ነን።

ከጠበሉ ይልቅ የጎዳቸው የእኔ ወሬ ነበር። ከነገርኋቸው በኋላ በነበሩት ሳምንታት የኔታ ጎበዝ ሆኑ። ብራና ጠየቁ፣ በር ላይ ሳይያዙ አለፉ፣ ዘጌ እሄዳለሁ ብለው በጀልባ ተሻግረው ቡና ይዘው መጡ። እኛም ደስ አለን። ከሁለት ወር በኋላ ግን አንድ ቀን ጠዋት ከአልጋ መነሣት አቃታቸው፤ ምራቃቸውን መዋጥ እንኳ ተቸገሩ። ልጃቸው ትራሳቸውን ስታነሣ በጨርቅ የተቋጠሩ ኪኒኖች አገኘች። አዲሱ ሕክምና እስኪመጣ አሮጌው እንዳይለመድብኝ ብለው፣ በተጨማሪም ኪኒኑ ከፋርማሲ ሲጠፋ ለክፉ ቀን እንዲሆን ብለው፣ ከሦስቱ አንዱን ብቻ እየዋጡ ቀሪውን ያጠራቅሙ ነበር። ሊቮዶፓን በድንገት መቀነስ ወይም ማቆም ሰውነትን በትኩሳትና በድርቀት ለሞት ሊያደርስ ይችላል። ሐኪሟ መጠኑን መልሳ ለማስተካከል ሦስት ሳምንት ፈጀባት። ያን ያህል ጊዜ በሢሶ መጠን ያቆማቸው ምን እንደሆነ ስጠይቃት ዝም ብላ አየችኝ።

እኔ ነበርሁ። እኔ ይዤው የሄድሁት ወሬ ነበር ያቆማቸው፤ ያው ወሬ ነው የጣላቸውም።

በ2020 መጨረሻ ደግሞ ያ የኤኤዲሲ ሕክምና ማስመሰያ ባለበት በትልቁ ጥናት እየተሞከረ ሳለ፣ በአንዳንድ ተሳታፊዎች የአንጎል ምስል ላይ ያልተጠበቀ ለውጥ በመታየቱ የአሜሪካ ተቆጣጣሪ አካል አስቆመው። ለመንገር ስሄድ እግሬ እንደ እርሳቸው ደፉ ላይ ተያዘ። የኔታ ሰምተው፣ «በጥራዙ መካከል ያገባኸው ቅጠል አጠገቡ ያለውን ቀለም እንዳያስለቅቅ ማየት ደግ ነው» አሉ። ከእኔ ይልቅ እርሳቸው ተረጋግተው ነበር።

ሥራው አልሞተም። ያው ዘረመል በዚያው በፑታሜን በኩል፣ ኢንዛይሙ ከልደት ጀምሮ ለሌላቸው ሕፃናት ተሰጥቶ፣ ራሳቸውን ቀና ማድረግ የማይችሉ የነበሩ አንዳንዶቹ ተቀምጠዋል፣ ቆመዋል፤ አውሮፓ በ2022፣ አሜሪካ በ2024 ፈቅደውታል። እነዚያ ሕፃናት ግን የሚጎድላቸው አንድ ቅጠል ነው፤ የፓርኪንሰን ሕመምተኛ መጽሐፍ የሚያረጀው በብዙ በኩል ነው። ሕዋሳትን የሚመግበውን ጂዲኤንኤፍ የተባለ ዘረመል የሚጠቀም ሌላ ሙከራም በ11 ሰዎች ተጀምሮ አሁን ማስመሰያ ወዳለበት ደረጃ ተሸጋግሯል። ይህን ሁሉ ለየኔታ እነግራቸዋለሁ፤ ስነግር ግን ስንት ሰው፣ ማስመሰያ አለው ወይስ የለውም፣ ስንት ወር የሚለውን አስቀድሜ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ከ8.5 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ከዚህ ሕመም ጋር ይኖሩ እንደነበር ገምቷል፤ ከእነዚህ ብዙዎቹ የሚያስፈልጋቸው ቀዶ ሕክምና ሳይሆን የማይቋረጥ ኪኒን ነው። በነገራችን ላይ በ2023 ናይጄርያውያን ተመራማሪዎች በተሳተፉበት ሥራ በአፍሪካ የዘር ሐረግ ባላቸው ሰዎች ላይ ከሕመሙ ጋር የተያያዘ፣ በአውሮፓውያን ዘንድ የማይገኝ ያህል የሆነ የዘረመል ልዩነት ተገኝቷል። ይህን ስሰማ ከብዙ ዜናዎች ይልቅ ደስ ብሎኛል፤ የእኛም መጽሐፍ ተገልጦ መነበብ ጀምሯል ማለት ነውና።

በእነዚያ ሙከራዎች የሚሳተፉ ሰዎች በየግማሽ ሰዓቱ መድኃኒቱ እየሠራ ወይም ጠፍቶ እንደሆነ የሚመዘግቡበት ማስታወሻ አላቸው። ይህን ስነግራቸው የኔታ ለእርሳቸውም እንዳዘጋጅላቸው ጠየቁኝ። ተራ ደብተር ገዝቼ መስመሩ ስለጠበበባቸው በማስመሪያ አስፍቼ አሰመርሁላቸው። አሁን ሐኪሟ ኪኒኑን የምታከፋፍለው ያንን እያየች ነው፤ አንዱን ሙሉ ኪኒን ለሁለት ከፍላ ሰዓቱን ስላቀራረበችው የቆሙበት ጊዜ አጥሯል። ባለፈው ቅዳሜ ደብተሩን ሳነብ በቀይና በጥቁር ቀለም ተጽፎ አገኘሁት። ቀዩን በመጽሐፍ ለቅዱሳን ስም ነው የሚያውሉት፤ እዚህ ለምን እንዳዋሉት ስጠይቃቸው መልስ ሳይሰጡኝ በጣታቸው ወደ ገጹ ጠቆሙ። «3 ሰዓት፣ ሠራ። 3 ተኩል፣ ሠራ። 4 ሰዓት፣ ሠራ። 4 ተኩል፣ ሠራ። 5 ሰዓት፣ ቆመ።» ቀዩ «ሠራ» የሚለው ነበር፤ ፊደሉም ከላይ እስከ ታች አንድ ቁመት ነበረው።